ከጫጫ እስከ ኒውዮርክ፤ የሴቶችን ሩጫ ለገበያ ያበቃው ማን ነው?

ጥቅምት 24 ቀን 2000 ዓ.ም. በኒውዮርክ ማራቶን የመጨረሻ ኪሎ ሜትሮች ላይ ሁለት እናቶች ተያይዘው ይሮጡ ነበር። አንደኛዋ የወቅቱ የማራቶን ክብረ ወሰን ባለቤት እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ናት፤ ከወለደች ገና አሥር ወር አልሞላትም። ሁለተኛዋ በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ሳይደረስ ከአስፋልቱ ዳር ባለችው ጫጫ የተወለደችው ጌጤ ዋሚ ናት። ራድክሊፍ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ09 ሰከንድ አሸነፈች። ጌጤ በ23 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ሆነች።

ጌጤ ያን ቀን መሮጥ አልነበረባትም። መስከረም 19 ቀን በርሊን ላይ ሙሉ ማራቶን ሮጣ አሸንፋ ነበር፤ በሁለቱ ውድድሮች መካከል የነበረው ጊዜ 35 ቀን ብቻ ነው። ማራቶን የሮጠ ሰው እግሩ እስኪመለስለት ድረስ ስንት ወር እንደሚፈልግ የሚያውቅ አሠልጣኝ ሁሉ ይህን ውሳኔ እብደት ቢለው አይፈረድበትም። ጌጤን ወደ መነሻው መስመር የመለሳት ግን ከውድድሩ አሸናፊነት በላይ የሆነ ሌላ ሒሳብ ነበር። ቦስተን፣ ለንደን፣ በርሊን፣ ቺካጎና ኒውዮርክ ተስማምተው በመሠረቱት የታላላቅ ማራቶኖች ውድድር የነጥብ ሠንጠረዥ ላይ ጌጤ 65፣ የላትቪያዋ የሌና ፕሮኮፕቹካ 55 ነጥብ ነበራቸው። ለአንደኛ 25፣ ለሁለተኛ 15፣ ለሦስተኛ 10 ነጥብ ይሰጣል። ፕሮኮፕቹካ ደግሞ በኒውዮርክ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያሸነፈች ናት። ጌጤ ቤቷ ብትቀመጥና ላትቪያዊቷ ብታሸንፍ ሁሉም ነገር ያበቃል። ሮጠች፤ ፕሮኮፕቹካን ቀደመች፤ በ80 ነጥብ የመጀመሪያዋ የታላላቅ ማራቶኖች ሻምፒዮን ሆና 500 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ተሸለመች።

ይህ ታሪክ በእኛ ዘንድ እምብዛም አይነገርም። ምክንያቱ አንድም በርሊን ላይ ጌጤ ባሸነፈችበት ዕለት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2 ሰዓት ከ04 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ስለሰበረ ነው። አዲሱ ሚሊኒየም ከገባ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ ሀገሩ በደስታ ላይ ነበር፤ የጋዜጦችም የፊት ገጽ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚይዘው። ኃይሌ የሚገባውን አገኘ። የጌጤ ድል ግን በዚያው ዕለት፣ በዚያው ጎዳና ተገኝቶ በጥላው ሥር ቀረ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጌጤ እንዴት እንደሮጠች አይደለም። ያ 500 ሺህ ዶላር ከየት መጣ? ለወንዱና ለሴቷ እኩል እንዲሆን የወሰነው ማን ነው? በግሼ ወረዳ፣ በራቤል ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ማለዳ ተነሥታ በብርዱ ወደ ትምህርት ቤት የምትገሠግሠውን ልጅ በእውነት የሚመለከተው ይህ ጥያቄ ነው። ራቤልና ጫጫ በአንድ ዞን ውስጥ ናቸው። ግሼ ከመንዝ ጌራ ምድር በስተሰሜን፣ ደቡብ ወሎን ተጎራብታ የምትገኝ ደጋ ናት። አየሩ ስስ፣ ዳገቱ ረጅም ነው፤ ሯጭ ለማፍራት ተፈጥሮ ከበቆጂ ያነሰ አልሰጣትም። የጎደለው ሌላ ነው።

ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠችው ሴት

እ.ኤ.አ. በ2006 አምስቱ ማራቶኖች ሲስማሙ ከአምስቱ ዳይሬክተሮች መካከል ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ የኒውዮርኳ ሜሪ ዊተንበርግ። ዊተንበርግ የሕግ ባለሙያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 ዋሽንግተን ላይ የሚካሄደውን የማሪን ኮርፕስ ማራቶን አሸንፋለች፤ በማግስቱ ዓመትም ለኦሊምፒክ ማጣሪያ ሮጣ አልተሳካላትም። የጥብቅና ሥራዋን ትታ እ.ኤ.አ. በ1998 የኒውዮርክ ማራቶንን ወደሚያዘጋጀው ድርጅት ገባች፤ በ2005 ደግሞ ኃላፊው ሆነች። ከታላላቅ የዓለም ማራቶኖች አንዱን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

የታላላቅ ማራቶኖች ሐሳብ በመሠረቱ የግብይት ሐሳብ ነው። ማራቶን በዓመት አንድ ቀን ይታያል፤ ከዚያ ይረሳል። አምስቱን በነጥብ ብታስተሳስራቸው ግን ተመልካች ሁለት ዓመት ሙሉ የሚከተለው ታሪክ ያገኛል፤ ታሪክ ካለ ደግሞ የቴሌቪዥን ጣቢያና ድጋፍ ሰጪ ኩባንያ ይመጣል። የሽልማቱ ድምር አንድ ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ለወንድና ለሴት ሻምፒዮን እኩል ተከፈለ። ይህን ማንም የጻፈው ሕግ አላስገደደም። በሌሎች ስፖርቶች ሴቶች የወንዶችን ሽልማት ቁራጭ በሚያገኙበት ዘመን ጎዳና ሩጫ እኩል መክፈሉ የሰዎች ውሳኔ ነበር፤ ውሳኔውም ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተጠራቀመ ረጅም ሙግት ውጤት ነው።

ያን ሙግት የጀመረችው ሴት ታሪክ ከዚህ በታች ሰፋ ብሎ ቢቀርብ አንባቢ አይሰለችም ብለን እናምናለን። የአትሌት ታሪክ ብዙ ሰምተናል፤ የሩጫ ሻጭ ታሪክ ግን አልተለመደም።

ከቁጥር 261 እስከ ኦሊምፒክ

ካትሪን ስዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1967 በቦስተን ማራቶን ስትመዘገብ የ20 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ስሟን በፊደላት አሳጥራ ስለጻፈች ሴት መሆኗን ማንም አላስተዋለም፤ ቁጥር 261 ተሰጣት። ከእርሷ በፊት በ1966 ሮቤርታ ጊብ ሳትመዘገብ ተደብቃ ገብታ ጨርሳለች፤ ስለዚህ ቦስተንን በመሮጥ የመጀመሪያዋ ሴት ስዊትዘር አይደለችም። ልዩ ያደረጋት ቁጥር ለጥፋ መሮጧና ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ የነበረው ጆክ ሴምፕል ሴት መሆኗን ሲያይ ከመኪና ወርዶ ቁጥሯን ሊቀድድ ተናነቃት። መዶሻ ወርዋሪ የነበረው ጓደኛዋ ሴምፕልን በትከሻው ገፍትሮ ጣለው። ፎቶግራፍ አንሺዎች እዚያው ነበሩ። ሥዕሉ ዓለምን ዞረ።

በዚያን ጊዜ በኦሊምፒክ ለሴት የተፈቀደው ረጅሙ ርቀት 800 ሜትር ነበር። ያም ቢሆን በ1928 ከተሞከረ በኋላ ‟ለሴት ይከብዳል” ተብሎ ተሰርዞ በ1960 ነው የተመለሰው። ማራቶንማ የሚታሰብ አልነበረም። ከቦስተኑ ክስተት በኋላ የአሜሪካ አማተር አትሌቲክስ ማኅበር ሴቶች ከወንዶች ጋር እንዳይወዳደሩ ከለከለ፤ ቦስተን ለሴቶች በይፋ የተከፈተው በ1972 ነው።

እዚህ ላይ ስዊትዘር ከሌሎች ተሟጋቾች የተለየችበት መንገድ ይጀምራል። ፍትሕ መጠየቁን አልተወችም፤ ነገር ግን ፍትሕ ብቻውን ጎዳና እንደማያዘጋ፣ የሰዓት መለኪያ እንደማይገዛ፣ ካሜራ እንደማያቆም ቀድማ ተረዳች። እ.ኤ.አ. በ1972 ከኒውዮርክ ማራቶን አባት ፍሬድ ለቦና ከማራቶን ሯጯ ኒና ኩስቺክ ጋር ሆና በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት የጎዳና ውድድር እንዲካሄድ ሠራች። ገንዘቡን ያወጣው የሴቶች የጸጉር መላጫ ሳሙና የሚሸጥ ኩባንያ ነው። የሮጡት 78 ሴቶች ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነጋዴ ‟ሴት ሯጭ ደንበኛዬ ናት” ብሎ ገንዘብ ያወጣበት ቀን ነው።

ዋናው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አቮን የተባለው የመዋቢያ ዕቃዎች ኩባንያ ምርቱን ቤት ለቤት በሚዞሩ ሴቶች አማካይነት የሚሸጥ ነበር፤ ደንበኞቹ ሴቶች፣ ሻጮቹም ሴቶች። ስዊትዘር ለኩባንያው የሩጫ ዕቅድ ጽፋ አቀረበች፤ ኩባንያው ዕቅዱን ብቻ ሳይሆን እርሷንም ቀጠረ። ከ1978 ጀምሮ በተለያዩ አህጉራት የሴቶች ውድድር ማዘጋጀት ጀመረች። ሥራዋ ከከተማ ባለሥልጣናት ጋር መንገድ ስለመዝጋት መደራደር፣ ጋዜጠኛ መጥራት፣ ሐኪም ማሳመን፣ የኩባንያውን አለቆች በየዓመቱ ‟ይህ ያዋጣችኋል” ብሎ በቁጥር ማሳየት ነበር። አንዳች የሚያምር ነገር የለውም፤ የቢሮ ሥራ ነው።

ቁጥሩ ግን ወሳኝ ነበር። አንድ የሴቶች ውድድር በኦሊምፒክ እንዲካተት ቢያንስ በ25 ሀገሮችና በሁለት አህጉራት መዘውተር ነበረበት። ብዙዎች ይህን መሥፈርት እንደ ግድግዳ አዩት፤ ስዊትዘር እንደ ሥራ ዝርዝር አየችው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1980 ለንደን ላይ ባዘጋጀችው የአቮን ማራቶን ከ27 ሀገሮችና ከአምስት አህጉራት የመጡ ሴቶች ሮጡ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሥራ አስፈጻሚ በየካቲት 1981 የሴቶች ማራቶን በሎስ አንጀለስ 1984 እንዲካተት ወሰነ። ብቻዋን አላደረገችውም፤ በየሀገሩ የታገሉ ሐኪሞች፣ አሠልጣኞችና ሯጮች ነበሩ። መሥፈርቱን በሰነድ ሞልቶ ያቀረበ ሰው ባይኖር ግን ክርክሩ ስንት ዓመት ሊጎተት ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

አንድ ነገር በመሐል ይነሣ። በ1972 የኒውዮርክ ማራቶን ሴቶች ከወንዶች አሥር ደቂቃ ቀድመው ለብቻቸው እንዲነሡ ታዝዘው ነበር። ስድስቱ ሴቶች ሽጉጡ ሲተኮስ መነሻው ላይ ተቀመጡና አሥሩን ደቂቃ አሳልፈው ከወንዶቹ ጋር ተነሡ። ለብቻ መነሣት ያኔ ስድብ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ2002፣ ያው ኒውዮርክ ታላላቅ ሴት ሯጮችን ቀድሞ ለብቻቸው ማስነሣት ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ሴቶቹ ደስ አላቸው፤ ምክንያቱም ካሜራው ከወንዶች መንጋ መካከል ሳይፈልግ እነርሱን ብቻ ያያል። የጌጤና የራድክሊፍን ትንቅንቅ ዓለም ከመነሻ እስከ መጨረሻ ያየው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ አሠራር በአንዱ ዘመን ማግለል፣ በሌላው ማክበር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ምሳሌ አይገኝም።

በሩ ሲከፈት ያልነበርንበት

ሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ ሲጀመር ኢትዮጵያ አልነበረችም። በ1984 ሎስ አንጀለስን፣ በ1988 ሴኡልን በፖለቲካ ምክንያት ቀርታለች። የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ሴኡል ላይ ነው። ስለዚህ ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ቀድማ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ስትሆን፣ የሮጠችው በኦሊምፒክ ታሪክ ሁለተኛው፣ ኢትዮጵያ ለተሳተፈችበት ግን የመጀመሪያው የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ነበር።

ይህን ስሌት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ደራርቱ አሥር ዓመት ቀድማ ተወልዳ ቢሆን ኖሮ፣ ያው ሳንባ፣ ያው እግር፣ ያው ልብ ይዛ ልትሮጠው የምትችለው ርቀት በኦሊምፒክ መርሐ ግብር ላይ አልነበረም። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ያሸነፈችው ማራቶንም ለሴቶች አራተኛው ብቻ ነው። በዚያው አትላንታ ጌጤ ዋሚ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘች፤ በ1999 ሴቪያ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ብር፣ በ5 ሺህ ሜትር ነሐስ ወሰደች። እነዚህን ርቀቶች ለሴት ያስከፈቱ ሰዎች ኢትዮጵያውያን አልነበሩም። ልጆቻችን የገቡት ሌሎች በከፈቱት በር ነው፤ ገብተውም ከባለቤቶቹ በላይ ሆኑ።

አዲስ አበባ ላይ የተሞከረው

በሀገራችን ለዚህ ሙያ የቀረበው ነገር የተጀመረው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። ውድድሩ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሥራቹ፣ በአትላንታ ኦሊምፒክ ማራቶን አምስተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኔሩርካር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዳይሬክተር ነበር። የሚሸጠው ነገር ቀላል ነው፤ ካናቴራ። ካናቴራውን የገዛ ሯጭ ነው፤ ካናቴራው ላይ አርማውን ያሳተመ ኩባንያ ወጪውን ይጋራል።

በ1996 ዓ.ም. ይኸው ድርጅት ‟ቅድሚያ ለሴቶች” የተሰኘውን የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ጀመረ። የሚካሄደው በየዓመቱ ከዓለም አቀፉ የሴቶች ቀን ጋር ተያይዞ ሲሆን በቅርብ ዓመታት ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች ይሳተፉበታል። የድርጅቱን ዋና ሥራ አስኪያጅነት ዳግማዊት አማረ መያዟ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ሴቶች የሚሮጡበት ብቻ ሳይሆን ሴት የምታስተዳድረው፣ ከኩባንያና ከከተማ አስተዳደር ጋር የምትደራደርበት መድረክ ሆኗል።

አንዳንዶች ‟ቅድሚያ ለሴቶች” የጭፈራ ሩጫ ነው ብለው ይንቁታል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ይራመዳሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ይህን የሚንቅ ሰው ግን በአዲስ አበባ ጎዳና በሥራ ቀን ማለዳ ብቻዋን ስትሮጥ ለከፋ ያልደረሰባትን ሴት ይፈልግና ይጠይቃት። ጎዳናው ለአንድ ጠዋት የሴቶች መሆኑ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ፊት ለፊት ደግሞ ለሽልማት የሚሮጡ ወጣት አትሌቶች አሉ፤ ከክለብ አልፎ ስማቸው ተሰምቶ ለማያውቁ ልጆች ተወካይ የሚያያቸው፣ ጋዜጣ የሚጽፍላቸው ዕድል ነው። የሴንትራል ፓርኮቹ 78 ሴቶች በኋላ ወዴት እንዳደረሱ አይተናል።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ታላቁ ሩጫ ሀዋሳን በመሳሰሉ ከተሞችም ውድድር አዘጋጅቷል፤ የሙያው እምብርት ግን አዲስ አበባ ነው። ሯጮቹ ከበቆጂ፣ ከሰላሌ፣ ከጎጃም፣ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ይመጣሉ፤ ውድድሩን የሚቀርጹት፣ ድጋፍ ሰጪ የሚያፈላልጉት፣ ውል የሚያረቅቁት ሰዎች ግን በዋና ከተማውና ከባሕር ማዶ ነው ያሉት። በመንዝና በግሼ ይህ ነገር ለማንም እንግዳ አይደለም። የመንዝ በግ ስሙ በሀገር የታወቀ ነው፤ አርቢው ግን በገበያ ቀን ለነጋዴ ሲሸጥ አዲስ አበባ ላይ ስንት እንደሚያወጣ አያውቅም። ዋጋው የሚቆረጠው እርሱ በሌለበት ነው።

ርቀታችን ሲቆረጥ

ያለመገኘት ዋጋው ምን እንደሆነ ከጥቂት ዓመታት በፊት በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል የዳይመንድ ሊግ ውድድር ከ2020 ጀምሮ በ90 ደቂቃ የቴሌቪዥን ሥርጭት እንዲጠቃለል፣ ረጅሙ ርቀትም 3 ሺህ ሜትር እንዲሆን ማቀዱን አስታወቀ። 5 ሺህ ሜትር ሊወጣ ሆነ ማለት ነው። ምክንያቱ ‟ተመልካች ይሰለቻል” የሚል ነበር። ከኢትዮጵያና ከኬንያ ተቃውሞ ተሰማ፤ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በወቅቱ ራሷ ደራርቱ ነበረች። በመሐል ወረርሽኙ መጥቶ የዓለምን መርሐ ግብር አናጋው፤ 5 ሺህ ሜትርም በኋላ ተመለሰ። ተመለሰ ቢባልም ማስጠንቀቂያው አልጠፋም። አንድ ርቀት የሚኖረው የሚሸጠው ሰው ሲኖረው ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ አትሎስ የተባለ ሴቶች ብቻ የሚወዳደሩበት የመም ውድድር ተካሄደ። ያዘጋጀው ባለሀብቱ አሌክሲስ ኦሃኒያን ነው፤ ለእያንዳንዱ አሸናፊ 60 ሺህ ዶላር ተከፈለ። ለሴቶች አትሌቲክስ ታላቅ ዜና ነው፤ በፓሪስ ኦሊምፒክ የዓለም አትሌቲክስ ለወርቅ አሸናፊ የከፈለው 50 ሺህ ዶላር እንደነበር ልብ ይሏል። ይሁንና የተካተቱት ስድስት ውድድሮች ከ100 ሜትር እስከ 1 ሺህ 500 ሜትር ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያውያት ዘመናት የገነኑባቸው 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር አልነበሩም። አዘጋጆቹን መውቀስ አይገባም፤ ገበያቸው አሜሪካ ነው፣ ለአሜሪካ ተመልካች የሚስበውን መረጡ። ግን በ10 ሺህ ሜትር ላይ ተመልካች የሚያቆም ታሪክ አለ ብሎ ሊያሳምናቸው የሄደ ወገን ነበረን ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ታሪኩስ አልጠፋም። ትዕግሥት አሰፋ በሪዮ ኦሊምፒክ 800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ በወቅቱ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። መስመሩን አልፋ ጫማዋን አውልቃ ሳመችው፤ ፎቶው በዓለም ዙሪያ ታተመ። 500 ዶላር የሚሸጠው ጫማ ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ ሊያገኝ አይችልም። ከስምንት መቶ ሜትር ወደ ማራቶን የተሻገረችው የሴትዮዋ የራሷ ታሪክ ግን ከጫማው ታሪክ ያነሰ ተነገረ።

ውሉ ላይ የተጻፈው

ለወጣት ሴት አትሌት ይህ ሁሉ የሚጠቃለለው በአንድ ወረቀት ነው፤ በውል። ተወካዮች በተለመደው አሠራር ከሽልማትና ከድጋፍ ገቢ 15 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥሩ ተወካይ ቪዛ ያወጣል፣ ውድድር ያስገባል፣ ያልተከፈለ ገንዘብ ያስከፍላል። ችግሩ ውሉ በባዕድ ቋንቋ መጻፉና ፈራሚዋ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ መሆኗ ነው። የጫማ ኩባንያዎች ውል አትሌቷ በተወሰነ ጊዜ ካልሮጠች ክፍያ የሚቀንስ አንቀጽ ይይዛል፤ እርግዝናም እንደ ‟አለመሮጥ” ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካውያን አትሌቶች፣ ከነዚህም አሊሰን ፌሊክስ፣ ጉዳዩን በአደባባይ አወጡት፤ ናይኪም በዚያው ዓመት ደንቡን ለማሻሻል ተገደደ። ጌጤና ራድክሊፍ እናቶች ሆነው በኒውዮርክ ጎዳና የተናነቁት ይህ ከመሆኑ 12 ዓመት ቀድሞ ነው።

ገንዘቡ ቤት ሲደርስ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በ2021 ኬንያዊቷ አግነስ ቲሮፕ፣ የሴቶች ብቻ ውድድር የ10 ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰንን በሰበረች በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ቤቷ ተገድላ ተገኝታለች፤ ባለቤቷ በግድያው ተከሷል። የሴት አትሌት ገቢ በማን እጅ እንደሚያድር መጠየቅ የቤተሰብን ገመና መግለጥ አይደለም፤ የሙያው አንድ ክፍል ነው።

ታዲያ ከራቤል ምን ይጠበቃል? በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግር መንገድን ባስቸገረበት ጊዜ ስለ ሩጫ ገበያ ማውራት ለአንዳንድ አንባቢ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ውድድር የሚኖረው መንገድ ሲከፈት፣ ሰው በሰላም ሲሰበሰብ ነውና ቅሬታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ዝግጅት ገንዘብ ብዙ የማይጠይቅበት ክፍል አለው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች ያስተምራል፤ ከነዚህ ውስጥ አሠልጣኝ ለመሆን የሚዘጋጁ ብዙ ናቸው፤ ውድድር ለማዘጋጀት፣ ከባንክ ወይም ከቢራ ፋብሪካ ጋር ስለ ድጋፍ ለመደራደር የሚሠለጥነው ምን ያህሉ ነው? አዲስ አበባ የሚኖረው የመንዝና የግሼ ተወላጅ ለትምህርት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ሲያዋጣ ኖሯል፤ ካናቴራ ግዛና ሩጥ ቢባል እምቢ የሚል አይመስለንም።

ቦታውም ራሱ የሚሸጥ ነው። የግሼ ጎረቤት በሆነችው መንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ነው። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ያሉበት እንዲህ ያለ ደጋ በሌላ ሀገር ቢሆን ኖሮ የሩጫ ቱሪዝም ኩባንያዎች ቀድመው በደረሱበት ነበር። እርግጥ ሣሩን ሳይጎዱ መሮጥ የሚቻልበትን መንገድ መጀመሪያ የሚያውቁት እረኞቹና የጓሳ ጠባቂዎች ናቸው፤ እነርሱ ያልተመከሩበት ውድድር ባይካሄድ ይሻላል። ለሴቶች 5 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦታ ግን በራቤል ዳርቻም አይጠፋም፤ መለካት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ዛሬ ሊደረግ የሚችለው ግን አንድ ነገር ነው። የክልሉ ስፖርት ቢሮ፣ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተባብረው አንድ የአማርኛ የውል ናሙና ማዘጋጀት ይችላሉ። የተወካዩ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡ በማን ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ፣ አትሌቷ ብትጎዳ ወይም ብትወልድ ክፍያው ምን እንደሚሆን፣ ውሉን ለማፍረስ ስንት ቀን ቀድማ ማስታወቅ እንዳለባት የሚገልጽ፤ ከአራት ገጽ የማይበልጥ። በሰሜን ሸዋ ከሚገኝ ክለብ ተነሥታ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ማንኛዋም ልጅ አንድ ቅጂ ይዛ ትሂድ፤ አንዱ ቅጂ ደግሞ እዚሁ በወረዳዋ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።